የአያትን ድምፅ ስናጸዳ

ስለ ልጆችና ስለ ስልክ በዚህ ዓምድ ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ልጆቻችን ስለሚሠሩልን አንድ መልካም ሥራ ላንሣ። የሠርጉን፣ የመስቀሉን፣ የአያት ምርቃቱን ቪዲዮ ቆርጠውና ቀጥለው የሚያቀርቡልን እነሱ ናቸው። ድምፁን ሲያሳምሩ ግን የእኛ የወላጆች ጆሮ ቢታከልበት ጥሩ ነው።

እንደ ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉ ማቀናበሪያዎች የድምፅ ኢፌክቶች አሏቸው። ልጆቹ ከዝርዝሩ አንዱን ጎትተው ክሊፑ ላይ ይጥሉታል። አንዱ ወፍራሙን ጉምጉምታ ይቆርጣል፣ አንዱ ጫጫታ ይቀንሳል፣ ሌላው ደካማውን ድምፅ ያጎላል። ደግነቱ ዋናውን ቅጂ አይነኩም፤ ኢፌክቱ ሲነሣ ድምፁ እንደነበረ ይመለሳል።

እኛ የምንኖረው አርባ ምንጭ ሲቀላ ነው፤ እናቴ ደግሞ ደጋው ላይ ዶርዜ ናት። በመስቀል የተቀረጸውን ምርቃቷን ልጄ አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች ልትልክ ስታሰናዳ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነፋሱን ለማጥፋት ጫጫታ መቀነሻውን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ነፋሱ ጠፋ። የእናቴ ድምፅ ግን ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ መሰለ፤ ከኋላ “አሜን” የሚሉት ሽማግሌዎችም አብረው ጠፉ።

“አባዬ፣ አሁን ጥርት አላለም?”

“ብሏል የኔ ልጅ። አያትሽን ግን አይመስልም።”

ምክንያቱ እንዲህ ነው። መሣሪያው ደካማና ሳይቋረጥ የሚሰማ ድምፅን ጫጫታ ነው ብሎ ይገምታል። “ስ” እና “ሽ” ከነፋስ ሽውታ ጋር ስለሚመሳሰሉ አብረው ይበላሉ። የዶርዜ ዘፈንማ በብዙ ድምፅ ተደራርቦ የሚዘፈን ነው፤ አንዱ ድምፁን ስቦ ሲቆይ መሣሪያው ከማሽን ጩኸት ላይለየው ይችላል።

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። መጀመሪያ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ ቆረጥን። የነፋሱ ጉምጉምታ በአብዛኛው እዚያ ነው፤ የሴት ድምፅ ከዚያ በላይ ነው። የፍሪጅና የመብራት እምምታም 50 ሄርዝ ላይ ስለሚጀምር በዚሁ ይቀንሳል። ቀጥለን ጫጫታ መቀነሻውን ነፋሱ በበረታባቸው ክሊፖች ላይ ብቻ፣ እስከ ሲሶው ድረስ አደረግን። ኢፌክቱን እያጠፋንና እያበራን በጆሮ ማዳመጫ አነጻጸርን። ጥቂት ነፋስ ቀረ፤ አሜኑም ተመለሰ።

አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆች ጋሞኛ የሚሰሙት በእንዲህ ያለ ቅጂ ነው። የተበላ ቃል ከሰሙ የተበላውን ይማራሉ። እናቴም በዚህ ዕድሜዋ ያንኑ ምርቃት ዳግም ትቀረጻለች ብዬ ልተማመን አልችልም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ቅጂ ካለ፣ ቪዲዮው ከመላኩ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ያዳምጠው። ያልተነካውን ቅጂ ደግሞ በሌላ ፍላሽ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የዛሬው መሣሪያ ያላጸዳውን የነገው ያጸዳው ይሆናል፤ ዋናው ከጠፋ ግን የሚጸዳ ነገር አይኖርም።