«የ17 ብሎን» የሚባል ነገር የለም

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 ከበርሚንግሃም ወደ ስፔኗ ማላጋ የተነሳ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን 17,000 ጫማ ገደማ ላይ እያለ የአብራሪው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሄደ። አብራሪው በተከፈተው መስኮት ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተሳበ። አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው ሲታገሉ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፈ። ተአምር በሚመስል ሁኔታ ሁሉም ተረፉ።

ምክንያቱ ብሎን ነበር። መስታወቱ ከበረራው አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ተቀይሮ በ90 ብሎኖች ታስሯል። ከ90ዎቹ 84ቱ ከሚገባው በ0.66 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ነበሩ፤ የቀሩት 6 ደግሞ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ ርዝመታቸው ያጠረ። ሥራውን የሠራው ሰው ጀማሪ አልነበረም። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ትክክለኛውን መለያ ቁጥር እየነገረው፣ እሱ አሮጌውን ብሎን ይዞ በዓይኑ እያመሳከረ መረጠ። ቀጭኑ ብሎን እንዴት ገባ ቢባል፣ ሁለቱም ዓይነቶች በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ስላላቸው ነው። ገባ፣ ዞረ፣ የጠበቀ መሰለ። ገባ ማለት ግን ገጠመ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። አንድ ረዳት መካኒክ ወደ ሶማሌ ተራ ተልኮ «የ17 ብሎን ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ይሰጠዋል። ሁለቱም የተግባቡ ይመስላቸዋል። 17 ግን የብሎኑ መጠን አይደለም፤ ጭንቅላቱን የሚይዘው መፍቻ መጠን ነው። በቆየው የጀርመን ደረጃ የ17 መፍቻ የሚይዘው ብሎን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በጃፓን መኪኖች ላይ ግን ያው መፍቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው የ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው። በአገሩ መንገድ የሞላው ቶዮታ መሆኑን ልብ ይሏል። ባለ 12ቱ ከባለ 10ሩ በ45 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ጭነት ይሸከማል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የብሎንን ስም ግን እያወጣ ያለው መፍቻው ነው።

ውፍረቱ ቢገጥም እንኳ ጣጣው አያበቃም። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን በተለመደው ሻካራ ጥርስ ሲሠራ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው ግን 1.25 ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ዳዶው ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይሄዳል፤ ከዚያ ይይዛል። ልኬት ያልተማረ ሰው ቆሻሻ መስሎት ዘይት ያንጠባጥባል፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ይጫነዋል። ብረቱ እሺ ይላል፣ ጥርሱ ግን ተበልቷል። ያ ብሎን ፍሬን ላይ ወይም መሪ ላይ ቢሆንስ?

በቧንቧ ሥራም ያው ነው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው ቧንቧ የውጭ ጥርሱ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእንግሊዙና የአሜሪካው ግማሽ ኢንች ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ አላቸው፤ የጥርሱ ማዕዘን ግን የአንዱ 55፣ የሌላው 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ከዚያም ያፈሳል። ቧንቧ ሠራተኛው ቴፍሎን ይደራርባል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በቴፍሎኑ ጥራት ያሳብባል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «የኛ ባለሙያ እጁ ያውቃል።» እውነት ነው፣ ብዙ እጅ ያውቃል። በምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ሕይወት የሚዘሩ እጆች አሉ። ነገር ግን የእንግሊዙም ቴክኒሻን እጅና ዓይን ነበረው። የ0.66 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚታየው በዓይን ሳይሆን በካሊፐር ነው። ሁለተኛው መልስ ድህነት ነው። ይህም አያስኬድም፤ የጥርስ መለኪያ ማለት ጠርዛቸው የተሸነሸነ ስስ ብረቶች ጥራዝ ነው፣ አንድ የተበላሸ የሞተር ክዳን ከሚያስወጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ጥፋቱን በረዳት መካኒኩ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እሱ የሰማውን ስም ይደግማል። መጠየቅ ያለበት ብሎን በኪሎ አስመጥቶ ዓይነቱን ሳይለይ በአንድ ሣጥን የሚደባልቀው ነጋዴ ነው። «ብሎን ከነዳዶው» ብሎ ጨረታ የሚያወጣ የግዥ ክፍል ካለ እሱም ነው። ሠልጣኙ ካሊፐር ሳይጨብጥ ሰርተፍኬት የሚያስጨብጥ ማሠልጠኛ ካለ እሱም ነው።

እንግሊዝም በአንድ ወቅት እዚህ ነበረች። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር፤ የአንዱ ዳዶ የሌላውን ብሎን አያውቅም። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ ወጥ ደረጃ ያቀረበው ከየፋብሪካው ብሎን ሰብስቦ፣ ለክቶና አማካዩን ይዞ ነው። መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ስም ሰጠ።

የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ብሎን ሲጠራ በውፍረቱ፣ በጥርሱ ርቀትና በርዝመቱ ይጠራ፤ «ኤም 10፣ በ1.25፣ በ40» ይባል። ጭንቅላቱ ላይ የተቀረጸው 8.8 ወይም 10.9 የጥንካሬ ምልክት መሆኑም ይታወቅ። ደረሰኝ ላይ እንዲሁ ይጻፍ፣ ክፍል ውስጥ እንዲሁ ይፈተን፣ ጨረታ ላይ እንዲሁ ይጠየቅ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ስለ ሻሽ ነበር የተናገሩት። ለብሎንም ይሠራል፤ ከመጠምዘዝ በፊት መለካት ይቅደም።