የዐሥራ ሦስተኛዪቱ ወር ሒሳብ

አንባቢዬ ሆይ! የዛሬው ጨዋታችን ስለ በዓል ስጦታ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ቤት ያናጋ ነውና እስቲ ጥቂት ጊዜዎን ይስጡኝ።

በአሰላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ አውቃለሁ። እናቱና አባቱ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ባለች የገጠር መንደር ይኖራሉ። ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ዓመት እንቍጣጣሽ ሲደርስ፥ «ደመወዝተኛ ሆነ ከተባልሁ በኋላ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» አለና ከሁለት ባልንጀሮቹ ገንዘብ ተበደረ። ለእናቱ የሐበሻ ቀሚስ፥ ለአባቱ ጋቢ፥ ለቤቱም ሙክት በግ ይዞ ገባ። ጎረቤቱ አደነቀ፤ እናቱም እልል አሉ።

መስከረም 20 ቀን ሲሆን ግን የቤት ኪራይ አጣ፤ አበዳሪዎቹም ደጁን ያዘወትሩ ጀመር። ጨነቀውና ወደ ቤቱ ስልክ ደወለ። እናቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንዲት በግ ከነግልገሏ ሸጡና ገንዘቡን ላኩለት። ለገና ቤት ሲሄድ ያን ቀሚስ ለብሰው አገኛቸው። «አማረብሽ እማዬ» ቢላቸው፥ «አዎን አምሮብኛል፤ ነገር ግን በለበስሁት ቍጥር በጊቱ ትዝ ትለኛለች» አሉት።

የወጣቱ ልብ ደግ ነበር። ሒሳቡን ሲያሰላ ግን የቀን መቍጠሪያውን ረስቶት ነበር።

እስቲ አብረን እንቍጠር። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ወሮቻችን ግን 13 ናቸው። የነሐሴን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ የተቀበለ ሰው የመስከረምን እስኪቀበል 35 ቀን ይጠብቃል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት፥ እንደ 2015 እና እንደ 2019 ዓ.ም.፥ 36 ቀን ነው። እንቍጣጣሽና መስቀል፥ የልጆች መመዝገቢያ፥ ደብተርና ዩኒፎርም ሁሉ የሚገጣጠሙት በዚሁ በረጅሙ ወር ውስጥ ነው።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ 11,500 ብር ሆነ። ግብሩና ከመቶ 7 የሆነው የጡረታ መዋጮ ሳይነሣለት እንኳ፥ ይህ ገንዘብ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 383 ብር ያህል ነው፤ ለ35 ቀን ሲካፈል ግን ወደ 329 ብር ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ዶሮ ሳይገዙ የቀን ድርሻዎ ከ50 ብር በላይ ጐደለ ማለት ነው። የዋጋውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ያህል የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣው ዘይት፥ ጨርቅና ጫማ ከዚያ ወዲህ በድሮው ዋጋ አይገመትም።

የአርሲ ደጋም የራሱ ጠባይ አለው። በመስከረም የጭላሎ ግርጌ ለምለም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ስንዴና ገብስ ገና በማሳው ላይ ቆሟል። ጎተራው የሚሞላው ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ በእንቍጣጣሽ ሰሞን የወላጆችም እጅ አጥሮ ይሰነብታል፤ ልጅ ቢቸገር የሚደርሱለት ከበረታቸው አውጥተው ነው። የዚያች በግ ነገርም ይኸው ነው።

ታዲያ በዓሉን እንተወው? እግዜር ያሳያችሁ፥ ማን ይተወዋል! ዘዴ ግን አለው።

አንደኛው ዘዴ ጳጉሜንን አስቀድሞ መክፈል ነው። ለ11,500 ብር ደመወዝተኛ የ5 ቀን ድርሻ 1,917 ብር ያህል ይሆናል። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ባሉት 11 ወሮች በየወሩ 175 ብር ቢያስቀምጡ 1,925 ብር ይሞላል፤ ዐሥራ ሦስተኛዪቱ ወርም ደመወዝ አገኘች ማለት ነው። ይህ ነገር ለሌላውም አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ፥ በፔንሲልቬኒያ፥ በካርላይል ከተማ አንድ ባንክ ሰዎች በየሳምንቱ ጥቂት ሣንቲም እያስገቡ ለገና የሚያወጡት ልዩ ቍጠባ ጀምሮ ነበር። እኛም ዕቁብ አለን። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሠራተኞች የቍጠባና ብድር ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1964 በአየር መንገድ ሠራተኞች ተቋቁሟል። ዕቁብ ሲገቡ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ዕጣው ቶሎ ከወጣልዎ የቀረው ክፍያ ዕዳ ነውና በአንድ ገበያ አይጨርሱት።

ሁለተኛው ቅርጫ ነው። ለአንድ ወጣት ሠራተኛ አንድ በግ ብቻውን መግዛት ከባድ ነው፤ የአንድ ቢሮ ባልደረቦች ግን ከሰኔ ጀምሮ እያዋጡ በሬ ቢገዙ ለሁሉም መደብ ይደርሳል። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለአምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የዓመቱን በዓላት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። አርሲ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ አጥር የሚኖሩበት አገር ነው፤ በብዙ ቤት የጎረቤትም በዓል ወጪ አለው። በ2017 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር መጋቢት 21፥ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋሉ፤ በመካከላቸው 21 ቀን ብቻ ነበረ። ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ወረቀቱ በየዓመቱ መታደስ አለበት።

አራተኛው ስጦታውን መምረጥ ነው። በመስከረም የገጠር ቤት የሚፈልገው ምንድን ነው? ቡና፥ ስኳር፥ ዘይት፥ ለታናናሾች ደብተርና እስክሪብቶ። ጋቢውና ቀሚሱ እህል ከገባ በኋላ፥ እርስዎም የጳጉሜን ጕድጓድ ከተሻገሩ በኋላ፥ ለገና ቢደርሱ ማን ይቀየማል? እናት ደግሞ በተራዋ ከአዲሱ ገብስ ጭኮ በቅቤ ለውሳ ትሰድዳለች፤ ስጦታ በሁለት ወገን ሲመላለስ ዕዳ አይሆንም።

ተማሪ አንባቢዬስ? «እኔ ደመወዝ የለኝም» ብለው አይዘኑ። የእንቍጣጣሽን ስጦታ ያስተማሩን ደመወዝ የሌላቸው ሕፃናት ናቸው፤ በቀለም የሳሉትን ሥዕልና ዐደይ አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ የተቀበላቸውም ሁሉ ይመርቃቸዋል። እርስዎ ዕረፍትዎን ቤት ሲያሳልፉ ለታናሽ ወንድምዎ ሁለት ሳምንት ሒሳብ ቢያስጠኑት፥ አባትዎ የዚያን ዋጋ በገበያ አያገኙትም።

«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ብለዋል አባቶቻችን። ያ ወጣት ጸሐፊ ዛሬ በየወሩ ጥቂት ብር በፖስታ እያሸገ «ጳጉሜን» ብሎ ይጽፍበታል። ባለፈው ጊዜ ምን ሊገዛበት እንዳሰበ ብጠይቀው፥ «መጀመሪያ አንዲት በግ ከነግልገሏ» አለኝ።

በዓሉን በጤና፥ ማግሥቱንም ያለ አበዳሪ ያድርስዎ። ደኅና ይሰንብቱ።