የሙዚቃ «ኤ» አማካይ ውጤት ሲያወርድ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሙዚቃ፣ ለሰውነት ማጎልመሻ ወይም ለምግብ ዝግጅት የሚሰጠው ማርክ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይቆጠራል? መልሱ እንደየግዛቱ ይለያያል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሰፈረውን አማካይ እንዳለ አይቀበልም፤ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሰየማቸው ሰባት ዘርፎች ውስጥ የተካተቱትንና ከ9ኛ ክፍል ማብቂያ እስከ 11ኛ ክፍል ማብቂያ የተወሰዱትን ትምህርቶች ብቻ መርጦ ራሱ ያሰላል። ሰውነት ማጎልመሻ በዚህ ስሌት የለም፤ አንድ ዓመት የሥነ ጥበብ ትምህርት ግን ግዴታ ነው፣ ማርኩም ይደመራል። በጆርጂያ ደግሞ ከሎተሪ ገቢ የሚደጎመው የሆፕ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚያየው እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ የኅብረተሰብ ትምህርትንና የውጭ ቋንቋን ነው። አንድ ዓይነት የሥዕል ትምህርት እዚያ ተቆጥሮ እዚህ የሚቀረው ትምህርቱ ስለተለወጠ አይደለም፤ መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ስለሆኑ ነው።

እኔ እነዚህ ማርኮች ከአማካዩ ስሌት ቢወጡ እመርጣለሁ፤ የምመርጠውም ሙዚቃን ስለናቅሁ ሳይሆን እንዲተርፍ ስለምፈልግ ነው። ቴክሳስን እንይ። ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በክፍላቸው ከፍተኛ ደረጃ ለያዙ ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በር በቀጥታ ይከፍታል። ደረጃውን የሚያወጡት ግን የየአካባቢው ትምህርት አስተዳደሮች ናቸው። በብዙ ቦታ ኤፒ በሚባሉት ከባድ ኮርሶች «ኤ» 5 ነጥብ ሲያስገኝ በመደበኛ ትምህርት 4 ያስገኛል። አምስት ኤፒ ወስዳ በሁሉም «ኤ» ያመጣች ልጅ አማካይዋ 5 ነው። ስድስተኛ ትምህርት አድርጋ ኦርኬስትራ ብትጨምርና እዚያም «ኤ» ብታመጣ ወደ 4.83 ትወርዳለች። ምንም ሳታጠፋ፣ ቫዮሊን በመጫወቷ ብቻ ደረጃዋን ታጣለች። እንዲህ ያለ ስሌት ባለበት ትምህርት ቤት ብልህ ተማሪ ኦርኬስትራውን ጥሎ ቢወጣ ማን ይወቅሰዋል?

«ካልተቆጠረ ማን ይተጋበታል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከስሌት መውጣት ከዓይን መሰወር አይደለም፤ ትራንስክሪፕቱን አንብበው የሚመርጡ መርማሪዎች አራት ዓመት ሳይቋረጥ የተወሰደ ሙዚቃንም ሆነ በሰውነት ማጎልመሻ የመጣ «ኤፍ»ን ያዩታል። የበለጠ የሚከብደው ሌላኛው ተቃውሞ ነው፦ በጋራዥና በእንጨት ሥራ ክፍል የሚያበራው፣ ሒሳብ ላይ ግን መካከለኛ የሆነው ልጅ ብቸኛ ጥንካሬውን ይነጠቃል ይላል። እውነት አለበት። ሆኖም የዚህን ልጅ ችሎታ በአማካይ ውስጥ መደበቅ አይረዳውም፤ 3.4 የሚል ቁጥር ሞተር መፍታት መቻሉን ለማንም አይናገርም። የአስተማሪው የድጋፍ ደብዳቤና የሠራው ሥራ ይናገራሉ። ካሊፎርኒያም የሙያ ትምህርቶችን በስማቸው አትጥልም፤ ይዘታቸው መስፈርቱን ካሟላ በዘርፎቹ ውስጥ ትቀበላቸዋለች።

በአትላንታም ሆነ በዳላስ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሙዚቃውን ወይም ሥዕሉን ከማስጣላቸው በፊት የትምህርት ቤቱን አማካሪ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ደረጃ ሲወጣ የትኞቹ ትምህርቶች ይደመራሉ? ልጁ የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲስ የሚያየው የትምህርት ቤቱን አማካይ ነው ወይስ ራሱ ያሰላውን?