ከጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር

በዚህ ወር ዓምዳችን ከቤተሰብ ጉዳይ የራቀ የሚመስል፣ ነገር ግን የብዙ ቤተሰብ ገቢና ሕይወት የተንጠለጠለበትን ነገር እናነሳለን፤ ይኸውም የፒካፕ መኪና ጎማ ልክ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ገጠር ፒካፕ ያለው ቤተሰብ መኪናውን ለሽርሽር አይደለም የገዛው። በርበሬና በቆሎ ወደ ገበያ ይጭንበታል፤ ማዳበሪያ ያመጣበታል፤ ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ያደርስበታል።

ታዲያ ወጣቶቻችን መኪናውን ከፍ፣ ጎማውን ሰፋ ማድረግ ይወዳሉ። «ትልቅ ጎማ ጭቃ አይፈራም፤ ግርማ ሞገስም ይሰጣል» ይላሉ። አባት በበኩሉ «ነዳጁ ምን ነካው?» እያለ ያጉረመርማል። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ በመምጣቱ የአባት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ሳይለካ ነው። እስቲ አብረን እንለካ።

በብዙ የቶዮታ ሃይሉክስ መኪናዎች ጎማ ላይ 265/65አር17 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት 265 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። የመጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከቸርኬው በላይና በታች ያለውን የጎማ ከፍታ ከቸርኬው ልክ ጋር ስንደምረው የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን አንድ ወጣት ይህን አውልቆ 285/70አር17 ቢያስገጥም ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 7 በመቶ ነው። ለዓይን ትንሽ ናት፤ ለሞተሩ ግን ትንሽ አይደለችም።

በመጀመሪያ የሚሳሳተው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በ107 እየበረረ ነው። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል ቆጣሪው የሚመዘግበው 364 ብቻ ነው።

ይህ የነዳጅ ሒሳቡንም ያዛባል። ለምሳሌ ያህል መኪናው በቀድሞው ጎማ ይህን መንገድ በ42 ሊትር ይጨርስ ነበር፣ በአዲሱ 45 ሊትር ፈጀ እንበል። በቆጣሪው ስናሰላ በሊትር ከ9.3 ወደ 8.1 ኪሎ ሜትር የወረደ ይመስላል። በእውነተኛው መንገድ ስናሰላ ግን 8.7 ነው። ጉዳቱ አለ፤ ነገር ግን ቆጣሪው ከሚለው ግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ጎማ የለወጠ ሰው «ሞተሩ ተበላሸ» ብሎ ጋራዥ ከመሮጡ በፊት የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር በ1.07 ያባዛ።

ጉዳቱስ ከየት መጣ? ሰፊና ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ ለመንከባለል ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ክብደቱ ስለሚጨምር ከቆመበት ለማስነሳትም ነዳጅ ይበላል። ቁመቱ ደግሞ ማርሹን ያከብደዋል፤ ሞተሩ መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመግፋት ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት አሁን ሁለተኛ ይጠይቃል።

ከነዳጁ የሚበልጠው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ያውቀዋል። መንገዱ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ይወጣል። የፍሬኑ ሸራና ዲስኩ ሳይለወጥ ጎማው ብቻ ሲያድግ፣ በዚያው የእግር ግፊት መንገዱ ላይ የሚያርፈው የማቆም ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ በማርሽ የሚይዘውም እንዲሁ ይላላል። መኪናው ከመሬት 27 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ከኋላ ጭነትና ሰው ሲደመርበት በመታጠፊያ ላይ ማጋደሉ ይብሳል። መሪው ይከብዳል፤ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። የተሳፈረው ሰው ሕይወትና የተጫነው ንብረት አማና ነውና ይህን አቅልለን ልናየው አይገባም።

የጭቃውስ ነገር? ወጣቶቹ ከፊል እውነት አላቸው። ከፍ ያለ ጎማ መኪናው ሆዱ መሬት እንዳይነካ ይረዳል፤ ሰፊውም በጣም ለስላሳ መሬት ላይ ክብደቱን ያሰራጫል። ነገር ግን በክረምት የገጠር መንገዳችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ከላይ ስስ ጭቃ፣ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ነው። እዚያ ላይ ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ መሬቱን ሲይዝ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጭቃ የሚያስቸግረው ሰው ስፋቱን ከመጨመር ይልቅ በዚያው ልክ ጥርሱ ጥሩ የሆነ ጎማ ቢገዛ ይሻለዋል።

በአንጻሩ ረከሰ ብሎ አነስተኛ ጎማ መግጠምም አይበጅም። ሞተሩ በረጅም መንገድ ያለ ልክ ይሽከረከራል፤ መኪናውም ዝቅ ይላል። ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም ተመልከቱ፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም፣ 100 ማለት 800 ኪሎ ግራም ይችላል ማለት ነው። በርበሬ ለሚጭን ሰው ይህ ልዩነት የፈነዳ ጎማ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ፋብሪካው የለጠፈውን የጎማ ልክና የአየር መጠን አንብቡ። መለወጥ ግድ ከሆነ የጠቅላላው ቁመት ልዩነት ከ3 በመቶ አይለፍ፤ የመሸከም ቁጥሩም ከቀድሞው አይነስ። አራቱም ጎማ እኩል ይሁን፤ በተለይ በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና የተለያየ ልክ ከተገጠመለት ዲፈረንሻሉ ይጎዳል። እስኮርት ጎማውንም አትርሱ። ጎሚስታ ዘንድ አየሩን ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ፤ በአራቱም ጎማ 1 ፒኤስአይ በጎደለ ቁጥር 0.2 በመቶ ያህል ነዳጅ ይባክናል። አሥር ቢጎድል 2 በመቶ ነው፤ ይህን ለማስቀረት አዲስ ጎማ መግዛት አያስፈልግም።

ልጆቻችን መኪናውን መውደዳቸው መልካም ነው። አባትና ልጅ ከመከራከር ይልቅ ሜትርና ወረቀት ይዘው ከጎማው አጠገብ ቁጭ ይበሉ፤ ቁጥሩ ሁለቱንም ያስማማቸዋል። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።