ይማል ወይስ ይታከም?

ስለ መጠጥ ሱስ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል። «ወኔ ካለው ይተዋል፤ ከሌለው የራሱ ጉዳይ» ይባልና ወሬው በዚያው ይዘጋል። እኛ የደጎሎና የአካባቢው ደጋ ልጆች ይህንን ፍርድ በሠርግ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ እዚሁ ዶርማችን ውስጥም ስንሰማ ኖረናል። ዛሬ ግን እንቃወመዋለን። የምንቃወመው ለስካር ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ፍርዱ ሰው ይገድላል፤ ምክንያታችን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር ይታወቅልን። በበዓል ጠላ ቀምሶ በማግስቱ ወደ እርሻው ስለሚወጣው ሰው አይደለም። ነገራችን «ለብርዱ» ብሎ በጀመራት አረቄ ተይዞ፣ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልደገመ እጁ ስኒ መጨበጥ ስለሚያቅተው ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ቆርጦ ይነሣል። ጾም ሲገባ ወይም ስለት ተስሎ፣ በንስሐ አባቱ ወይም በሽማግሌ ፊት «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ይምላል። ቤተሰቡ እልል ይላል። በማግስቱ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። አንዳንዱ በሁለት ቀን ውስጥ አረፋ ደፍቆ ይወድቃል፤ አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ይጮኻል። ያን ጊዜ ቤቱ ይተራመሳል። አንዱ «ለክፎት ነው» ይላል፤ ሌላው ገመድ ያመጣል፤ ሦስተኛው አረቄውን መልሶ ያጠጣዋል። የሞተ እንደሆነም የሰፈሩ ትምህርት ዝግጁ ነው፦ «አረቄውን ባይተው ኖሮ ይኖር ነበር»።

ግማሽ እውነት! የገደለው መተዉ ሳይሆን፣ ያለ ሐኪም በድንገት መተዉ ነው።

ይህ የእኛ ግምት አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሳተን እ.ኤ.አ. በ1813 ይህን መንቀጥቀጥና መቃዠት «ዴሊሪየም ትሬመንስ» ብሎ ሰየመው። ሕመሙ የሚመጣው ከመጠጡ ነው ወይስ ከማቆሙ የሚለው ክርክር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃሪስ ኢዝቤልና የሥራ ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሌክሲንግተን በፈቃደኛ እስረኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ስድስት ሰዎች በደንብ እየበሉ ከ48 እስከ 87 ቀናት ያለማቋረጥ ጠጡ፤ ከዚያም በድንገት ተከለከሉ። ሁለቱን መናወጥ ጣላቸው፤ ሦስቱ ቃዡ። በእስረኛ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬ አይፈቀድም፤ መፈቀድም የለበትም። ውጤቱ ግን «ወኔ» የሚለውን ክርክር አፈር አልብሶታል። ምግብ ያልጎደለባቸው ሰዎች የታመሙት መጠጡ ስለተቋረጠባቸው ነው እንጂ ልባቸው ስለሰነፈ አይደለም።

እንዴት ይሆናል? አልኮል አንጎልን ያፈዛል። በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ይጎትታል። ነገሩ ገመድ ጉተታ ነው። አንደኛው ወገን ገመዱን ድንገት ሲለቀው ሌላው በጀርባው ይወድቃል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻዋ መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ መናወጡ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከባዱ መቃዠት ደግሞ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይመጣል። ድሮ ሕክምና ሳይኖር እዚህ ደረጃ ከደረሱት እስከ ሢሶ የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። በወጉ ሲታከሙ ግን የሚሞቱት ከመቶ ከ5 በታች ናቸው። በሢሶና በአምስት መካከል ያለው ልዩነት ወኔ አይደለም፤ አልጋና መድኃኒት ነው።

ሕክምናው ገመዱን ቀስ በቀስ ማላላት ነው። ዲያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥና በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጣል፤ እሱ ተረስቶ ግሉኮስ ብቻ ከተሰቀለ የተጎዳ ጠጪ አንጎሉ ሊታወክ፣ የማስታወስ ችሎታውም ላይመለስ ይችላል። የልብ ምት፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ፈሳሽ እየታየ ሌሊቱም ያልፋል። ይኸው ነው። ዲያዜፓም ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ አዲስ ግኝት እየጠበቅን አይደለም። ነገር ግን «መድኃኒቱን ካወቅነው ከመድኃኒት ቤት ገዝተን እንዋጠው» የሚል እንዳይነሣ! ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ሲለመድም ራሱ ሱስ ይሆናል። «በሐኪም ቁጥጥር» የምንለው ለወግ አይደለም።

ሁሉም ሱስ አንድ እንዳልሆነም ይታወቅ። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ ይደክመዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ማቆሙ ግን እንደ አረቄው አያናውጥም። ስለዚህ ጫት በመተው የተሳካለት «እኔ በአንድ ቀን ተውኩት እኮ፣ አንተስ ምን ሆነህ ነው?» እያለ በአረቄ የተያዘውን ጓደኛውን ባይመክር ደግ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ።

«ይህ የአዲስ አበባ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እስካሁን እንደዚያ መምሰሉን አንክድም። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረውም በ1995 ዓ.ም ነው። ታዲያ የደጎሎ ሰው ምን ያድርግ? ደሴ ለመድረስ ወረኢሉን ማለፍ አለበት፤ አዲስ አበባማ ይበልጥ ሩቅ ነው። ሦስተኛው ቀን ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም። መልሱ ግን ቅርብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ይህን ሕክምና ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው እንዲሰጡት አስቀምጧል። የሚፈለገው እንደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ያለ በቅርብ የሚገኝ ቤት፣ ሁለት አልጋ፣ የሠለጠነ ነርስና የማይቋረጥ መድኃኒት ነው። ይህ ቅንጦት ነው?

«ጸበል ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። ከእምነት ጋር ጠብ የለንም። ነገር ግን በኤች አይ ቪ ዘመን ሰዎች መድኃኒቱን ጥለው ጸበል ብቻ ሲይዙ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለዚያ ሕመም የሠራ ትምህርት ለዚህኛውስ ለምን አይሠራም? በሰንሰለት ታስሮ የሚናወጥ ሰው ጸበሉንም በወጉ አልተጠመቀ። መጀመሪያ ሰውነቱ ይረጋጋ፤ ከዚያ ጸሎቱንም ምክሩንም በልቡ ይሰማዋል።

«አስተኝተውት ነበር፤ ወጥቶ መልሶ ጠጣ» የሚሉትን በቁም ነገር እንመልስላቸዋለን። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ይመለስበታል። ይህ ሕክምና ሰውነትን ያጠራል እንጂ የጠጣበትን ምክንያት አያጠፋም። ከሆስፒታል ወጥቶ ወደዚያው አረቄ ቤት አግዳሚ፣ ወደዚያው ሥራ ፈትነት፣ «አንዷን ብቻ ቅመስ» ወደሚለው ጓደኛ ከተመለሰ ምን ይጠበቃል? ከአልጋው በኋላ ወራት የሚፈጅ ክትትል፣ ምክር፣ ሥራና ቤተሰብ ያስፈልገዋል። ደጃፍ መርገጥ ቤት መግባት አይደለም፤ ደጃፉን ሳይረግጥ ግን ማንም ቤት አልገባም። ደረጃው አንድ ብቻ ስለሆነ ይፍረስ ማለት ምን ዓይነት ሎጂክ ነው?

መንግሥትም በ2011 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እንዳይሸጥ ከልክሏል። መልካም! ሕጉ ያልጀመረውን ይጠብቃል፤ የተያዘውን ግን አያክመውም። ለተያዘው የሚሆን አልጋ በየወረዳው ካልተዘረጋ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል እንላለን።

ስለዚህ ጓዶች፣ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ባሉ ሆስፒታሎች ሁሉ ለዚህ ሕክምና የሚሆን አልጋ፣ መድኃኒትና የሠለጠነ ሰው ይኑር። ሁለተኛ፣ የሚያስገዝቱ አባቶችና የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ከማስማላቸው በፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ጠዋት ካልጠጣህ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ስታቆም ወድቀህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ፣ ከመሐላው በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎች ነው። ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ይህችን ነገር ይዘን እንግባ፤ የተናወጠና የሚቃዥ ሰው ስናይ ገመድ አናቀብል፣ ሐኪም ቤት እናድርሰው። በጽሑፎቻችንም ሰካራሙን ማሳቂያ ብቻ ማድረጉ ይብቃን።

ሊተው የቆረጠ ሰው ወኔውን አሳይቷል። ከእርሱ የሚጠበቀው ያ ነበር። አልጋውን ማዘጋጀት የእርሱ ፋንታ አይደለም፤ የእኛ ነው።