ቂም ይዘን አንቁረብ

ይህን የምጽፈው በየካቲት 1966 ወጣት ለነበራችሁ፣ በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ወንድም፣ እኅት፣ ልጅ ወይም ባል ላጣችሁ፣ ሬሳ አንስታችሁ ለመቅበር እንኳ ላልታደላችሁ እኩዮቼ ነው። ሰባን አልፈናል። ወጣቱን ለመምከር ሲሆን ምላሳችን ይረዝማል፤ እኛን ደፍሮ የሚናገረን ግን ጠፍቷል። ስለዚህ እኔው ልናገር። ከተቀየማችሁኝም ምን ገዶኝ፣ ከድሮው ቂም ጋር ይደመራል።

በጉብዝናችን ጊዜ ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያንን ረስተን ነበር። ዛሬ ነጠላችንን አጣፍተን ኪዳን እንቆማለን፣ ቅዳሴ እናስቀድሳለን፣ ቆርበናል። ይህ ደግ ነው። ግን ለንስሐ አባታችን ምን እንደምንናገር ልብ ብላችኋል? ረቡዕ መሆኑን ዘንግተን ወተት ያለበት ሻይ መጠጣታችንን እንናዘዛለን። በሠራተኛዋ ላይ መቆጣታችንን እንናዘዛለን። አንድን ሰው በስሙ እየጠራን ከአርባ ዓመት በላይ ስንረግመው ማደራችንን ግን አናነሣም። ኃጢአት አይመስለንማ! የሟች አደራ ይመስለናል።

በቅዳሴው መካከል ሰላምታ እንድንለዋወጥ ዲያቆኑ ሲያዝ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጎንበስ እንላለን። በእኔ ደብር፣ በዚያ ዘመን በቀበሌው ጠመንጃ አንግተው ይዞሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወንድሙ የተገደለበት አንድ እኩያችን ደግሞ ከእሳቸው አጠገብ ላለመቆም ሁልጊዜ ቦታ ይለውጣል። አንድ እሑድ ሕዝቡ በዝቶ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ሰላምታው ሲደርስ ሽማግሌው ወደ እሱ ዞረው ዝቅ አሉ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ለሥዕሉ ሰገደ። ጥቂት ቆይቶ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ተሰለፈ።

ለመፍረድ አይደለም ይህን የማነሣው። የወንድሙን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ ከተባለበት ቤት የወጣ ሰው ነው። እናቱ ደረቷን መትታ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ይህን ያየ ሰው ፊቱን ቢያዞር ማን ይገርመዋል? የሚያስፈራኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ጌታ መባ ይዞ የመጣ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ፣ ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟል። እኛ መሠዊያው ድረስ ደርሰን፣ ወንድማችን አጠገባችን ቆሞ፣ አልፈነው እንቆርባለን።

አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለቀልድ አይደለም። ሌባውን የሚያስይዘው ሳሉ ነው፤ እኛን የሚያስይዘን አባታችን ሆይ ነው። በሰጠነው ይቅርታ ልክ ይቅርታ ይሰፈርልን ብለን በየቀኑ በገዛ አንደበታችን እንፈርማለን። በዚያ ፊርማ የምንጠየቅበት ቀን ደግሞ ሩቅ አይደለም።

መርሳት ምን ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሱት አላልኳችሁም። መርሳትማ የቤተ ክርስቲያንም ጠባይ አይደለም። ስንክሳሩ በየዕለቱ ሰማዕታትን በስማቸው ይጠራል፣ ማን እንደገደላቸውም አይደብቅም። በ1968 ደርግ ከመንበራቸው ያወረዳቸውን፣ በ1971 የገደላቸውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ማን ይረሳል? ዐፅማቸው በ1984 ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል አርፏል። በዚያው በ1971 የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ያሉት ሰው፣ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በመስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምም ከ2002 ጀምሮ የልጆቻችንን ፎቶግራፍና ዐፅም ይዞ ቆሟል። ይቁም። የሰማዕት መታሰቢያ ግን ዝክር ነው፤ ዳቦ ተቆርሶ ጠላ ተቀድቶ ድሀ ይበላበታል። እኛ የያዝነው ዝክር የሌለው መታሰቢያ ነው፤ ማንንም አያጠግብም።

በዳግም ትንሣኤ የሚነበበውን ወንጌል አስቡት። ጌታ ሞትን ድል አድርጎ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም። ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ተወው። ወደ ደቀ መዛሙርቱ የገባው ከነቁስሉ ነው። እነማን ነበሩ እነዚያ? በሐሙስ ሌሊት ጥለውት የሸሹት ናቸው። መጀመሪያ የሰጣቸው ግን ሰላምን ነው፤ እጁንና ጎኑን ያሳያቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቶማስንም እንዲዳስሰው የጠራው ሊወቅሰው ብቻ አይደለም፣ እንዲያምን ነው። እኛም ጠባሳችንን ለልጅ ልጆቻችን እናሳያለን። ግን የምናሳያቸው እንዲያምኑ ነው ወይስ እንዲጠሉ? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ በየለቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር፣ በየማኅበሩ ጽዋ ላይ የምንተርከውን ወጣቶቹ ይሰማሉ። ዘመኑን አላዩትም፣ ጥላቻውን ግን ይዘውታል። የሱዳንን በረሃ አቋርጠው አሜሪካ የገቡት እኩዮቻችንም ቢሆኑ ሻንጣ እንኳ ሳይኖራቸው ይህን ጥላቻ አልጣሉትም፤ የያኔዎቹ ባላንጣዎች ኢሕአፓና መኢሶን ዛሬም በአንድ ጽዋ ማኅበር አይቀመጡም የሚባልበት ከተማ አለ።

«ፍትሕስ?» ትላላችሁ። ፍርድ ቤት ሌላ ነገር ነው። በ1987 የተጀመረው ክርክር በታኅሣሥ 1999 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ባልደረቦቹን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ወደማለት ደረሰ። የሃይማኖት መሪዎች ምሕረት ጠይቀውላቸው በ2003 የባለሥልጣኖቹ የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ሲለወጥ፣ በ2004 መግቢያ ላይም ብዙዎቹ ሲፈቱ፣ ስንቶቻችን ነን ቤታችን ተቀምጠን ያለቀስነው! እኛን ሳይጠይቁ በእኛ ስም ማሩ ብለን። እኔም እውነት ነው እላለሁ፤ የመንግሥት ምሕረት የመንግሥት ነው፣ የእናቲቱን ይቅርታ ማንም ሊሰጥላት አይችልም። ታዲያ ማንም የማይሰጥልን ከሆነ፣ እኛው ሳንሰጥ ብንሞት ማን ይሰጥልናል?

ደግሞም የምንጸልየው የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እያደረግን ነው። ይህን እያልን ልጃችንን በልባችን ከ1970 ጉድጓድ አላወጣነውም። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ተዝካር ሳይወጣለት የቀረው ልጅ በእግዚአብሔር እጅ ነው ብለን ካመንን፣ ገዳዩን ዘብ ሆነን ሌት ተቀን መጠበቃችን ምን ይጨምርለታል? ዳኛ የለም የሚል ሰው ነው ራሱ ዘብ የሚቆመው።

«ሰውዬው ይቅርታ አልጠየቀኝም» የሚለው መልስ ከሁሉ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እስጢፋኖስን ሲወግሩት አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቁትም። እሱ ግን ለእነሱ ጸለየ። በዚያች ሰዓት የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረ ጎልማሳ ሳውል ይባል ነበር፤ ዛሬ መልእክቶቹን በቅዳሴ ላይ ቆመን እናዳምጣለን።

የበደሏችሁ ሰዎች ያረጁት ከእናንተ ጋር ነው፤ ዕድሩ በየሳምንቱ ከሁለቱም ወገን ይቀብራል። ስለዚህ የፍልሰታ ጾም ሳይገባ የንስሐ አባታችሁን አስጠሩ። ስሙን ጥሩላቸው፤ በጓዳ የምትረግሙትን ያንኑ ስም። ቀኖናችሁን ተቀበሉ። መተው ቢያቅታችሁም አቃተኝ በሉ እንጂ አትደብቁ፣ እስኪያልፍላችሁም ከሥጋ ወደሙ ዘግዩ።