ሳንባው ተለካ፤ ውሉስ?

የበረዶ ሆኪ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ የሚያውቅ የእንጦጦ ሯጭ ብዙ አይገኝም። ይሁንና የካናዳና የአሜሪካ ምሁራን ስለዚህ ጨዋታ ንግድና ሕግ የሚያደርጉት ምርምር እኛን አይመለከትም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። እነሱ የሚመረምሩት በረዶውን አይደለም። ልጁ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ማን ወሰደው፣ በየትኛውስ ወረቀት ወሰደው ብለው ነው የሚጠይቁት።

ምሳሌ እንጥቀስ። አለን ኢግልሰን የተባለ ካናዳዊ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሔራዊ ሆኪ ሊግ ተጫዋቾችን ማኅበር አቋቁሞ ከሃያ ዓመት በላይ መራ። በዚያው ላይ የእነ ቦቢ ኦር የግል ወኪል ነበር። ማኅበሩም ወኪሉም እርሱ ከሆነ ማን ይጠይቀው? በ1998 በማጭበርበር ወንጀል ጥፋቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ለጎብኚው ቡናውንና ፈረሱን አዘጋጅቷል። ሯጩ ግን ከፓርኩ በፊትም እዚያው ነበር። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው አየር ውስጥ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ሲሮጥ ሳይንስ ተከትሎታል። ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሯጮቻችን ከየት ክፍለ ሀገር እንደመጡና ትምህርት ቤታቸው ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ሳይቀር ቆጥረዋል። ጎሽ! ግን ትምህርት ቤት እየሮጠ የሄደው ልጅ አድጎ የሚፈርመውን ውልስ ማን ይቁጠርልን?

«አትሌት ለባንዲራ እንጂ ለገንዘብ አይሮጥም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቅን አባባል ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡን በጨለማ ለሚቆጥረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ታምራት ቶላ በፓሪስ ማራቶን ሲያሸንፍ የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ 50,000 ዶላር መድቦ ነበር። ባንዲራውም ገንዘቡም በአንድ መስመር ላይ ነው የደረሱት። ባንዲራውን ስናከብር ገንዘቡን ማፈር ለምን?

ሕግ የለም እንዳይባል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አለ። ተወካይ ለወካዩ ታማኝ እንዲሆን፣ የሥራውንም ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዛል። የቀረው ሕጉን ወስዶ ከሯጩ ውል ጋር ማስተያየት ነው። ይህ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ሥራ ነው። ውሉ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ወኪሉ ስንት በመቶ ይወስዳል? ሯጩ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ክርክር ቢነሳ የሚታየው አዲስ አበባ ነው ወይስ አውሮፓ? መልሱ በአማርኛና በኦሮምኛ ታትሞ ከመፈረሙ በፊት በሯጩ እጅ ይግባ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የሯጩ አጥር ውሉ ነው። ምሁሮቻችን ዞር ብለው ያላዩትን አጥር ሌላው ቢነቀንቀው ምን ይደንቃል?